በድንኳኑ ውስጥ የተሰማ ድምፅ

ሲሳይ ማርያማዊት ቢሮ መጀመሪያ የመጣው በሶ ይዞ ነው። ቢሮ ማለት ያው ለወጉ ነው፤ ደብረ ታቦር መናኸሪያ ፊት ለፊት የተከራየቻት አንዲት ክፍል፣ አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ለእንግዳ ደግሞ የሚንገዳገድ ወንበር። በሩ ላይ «ድረ ገጽ እንሠራለን፤ ንግድዎን በኢንተርኔት እናስተዋውቃለን» የሚል ወረቀት ለጥፋለች። «እንሠራለን» ትበል እንጂ ያለችው እሷ ብቻ ናት።

«እናቴ የምታዘጋጀው በሶ ነው» አለ ሲሳይ፣ ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጠ። «ከጉና ሥር፣ ከገሳይ። ገብሱም የራሳችን ነው። ሰው እንዲያውቀው ፈልጌ ነበር።»

«ፎቶ አለህ?»

«የምን ፎቶ? በሶውን ራሱን ይዤልሽ መጣሁ እኮ!»

ማርያማዊት ሳቀች። ከልቧ ስትስቅ ዓይኗ ይጨፈናል፤ ስትገልጠው ሲሳይ እያያት ነበር። ሁለቱም ዞረው ኮምፒዩተሩን ማየት ጀመሩ። ኮምፒዩተሩ ደግሞ ባትሪው አልቆ ከጠፋ ቆይቷል።

ሥራዋን የምትወድ ልጅ ናት። የበሶውን መለያ ስትነድፍ ሲሳይ አጠገቧ ተቀምጦ «ቀለሙ ትንሽ ገብስ ገብስ ይበል» እያለ ያስቸግራታል። ለደንበኞቿ ሁሉ እንደምታደርገው ኢንተርኔት ላይ የጋራ ማኅደር ከፈተችለት፤ እሱ ከገሳይ ፎቶ ያስገባል፣ እሷ ከደብረ ታቦር ታስተካክላለች። ለሥራ አስተያየት የተተወችው ቦታ ላይ ግን ሌላ ሌላ ነገር ይጻፍ ጀመር። እሷ «ይሄኛው ፎቶ ያምራል» ስትል፣ እሱ «ያስተካከለችው ትበልጣለች» ይላል። ተው አላለችውም።

አንድ ልማድ ነበራት። በዚያ አገር መብራትም ኔትወርክም ቃሉን ስለማይጠብቅ፣ ኔትወርክ በተገኘ ቀን የወሩን ማስታወቂያ ሁሉ አዘጋጅታ ለእያንዳንዱ ቀን ትቀጥርለታለች። ቀኑ ሲደርስ መተግበሪያው ራሱ ይለጥፈዋል። እሷ ብትታመም፣ መንገድ ላይ ብትሆን፣ እሱ ሥራውን አያቋርጥም። «ደመወዝ የማይጠይቅ ሠራተኛ አለኝ» እያለች ትቀልድ ነበር።

በሁዳዴ ገሳይ ወርዳ የሲሳይን እናት በቪዲዮ ቀረጸቻቸው። እማማ ፈንታነሽ ነጠላቸውን አስተካክለው ከገብሱ ጆንያ አጠገብ ቆሙ።

«ወዴት ነው የማየው? ወደዚች ቀዳዳ?»

«አዎ እማማ። አንቱ እንደልብዎ ይናገሩ።»

«እንደልቤማ ከተናገርሁ አትችይኝም!» አሉና ቀጠሉ። «ኑ ቅመሱልኝ! የኔን በሶ የበጠበጠ ጉልበቱ አይዝልም። ለልጀ ለሲሳይ ሠርግም ልቆላ ነው፤ ሙሽሪት እችውና ቀዳዳዋን ይዛ ቆማለች!» ብለው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

ማርያማዊት ፊቷን ከስልኩ ጀርባ ደበቀች። በር ላይ የቆመው ሲሳይ መሬት መሬት አየ።

«እንዳትቆርጭው ደግሞ!» አሉ እማማ ፈንታነሽ። «ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ እብናት፣ አባትሽ ቤት ይሄዳል። ያኔ አገር ይስማው።»

ባላቸው አቶ ካሳሁን ግን ደስ አላላቸውም። ከጓዳ ሲያጉረመርሙ ይሰማል። «ተቀምጣ ስልክ ስትነካካ የምትውል ሴት ምን ትሆነናለች?»

«አንቱ ምን ያውቃሉ? በሶየ ባሕር ዳር ድረስ የሄደው በማን ሆነና!»

ማርያማዊት በዚያ ቤት የነበራት ጠበቃ እኒህ ሴት ነበሩ። ሲሳይ ይወዳታል፤ ነገር ግን ሽማግሌ የሚልከው አባት ነው፣ አባትን የሚያሳምኑት ደግሞ እናት። ቪዲዮውን አልቆረጠችውም። ከፋሲካ በኋላ፣ ሽማግሌው ደርሶ ይመለሳል ብላ ባሰበችበት ሰሞን ቀን ቀጠረችለት።

ፋሲካ አለፈ። ሽማግሌዎቹ ሊሄዱ ጥቂት ሲቀራቸው እማማ ፈንታነሽ ገብስ እየቆሉ ሳለ ደረታቸውን ይዘው ወደቁ። ደብረ ታቦር ሆስፒታል ሳይደርሱ መንገድ ላይ አረፉ።

ማርያማዊት ነጠላዋን ዘቅዝቃ ገሳይ ደረሰች። አልቅሳ ብቻ አልተቀመጠችም፤ ውኃ ቀዳች፣ ድንች ላጠች፣ ለለቀስተኛ ምግብ አቀረበች። ስልኳ በመጀመሪያው ቀን ባትሪው ሲያልቅ አልከፋትም፣ ጭራሽ እፎይ አለች። አንዲት ሴትዮ ለሌላዋ «ምራታቸው ናት» ስትል ሰማች። በሐዘን መሀል መሆኑ እያሳፈራት ቃሉ ደስ አላት። የቀጠረችው ቪዲዮ በልቧ ዝር አላለም።

በሠልስቱ ዕለት ለቀስተኛው ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ድንኳኑ ውስጥ ተቀመጠ። ካህኑ ጸሎታቸውን ጨርሰው ሰው ሁሉ ዝም ብሏል። የሲሳይ አጎት ልጅ ደሳለኝ፣ የሚኒባስ ሾፌሩ፣ ከባሕር ዳር የሚጠበቁ ዘመዶች የት እንደደረሱ ሊያይ ስልኩን ከፈተ። ጠፍቶ የከረመው ኔትወርክ ተመልሶ ነበር።

«ኑ ቅመሱልኝ!»

ድንኳኑ ውስጥ የነበረ ሰው ደነገጠ። አቶ ካሳሁን ከተቀመጡበት ዘለው ተነሡ። ወደ ጓዳ ዞረው፣ ፊታቸው በርቶ፣ «ፈንታ?» አሉ። «አለሽ እንዴ?»

ቀኑ ደርሶ የተለጠፈው ቪዲዮ ነው ስልኩ ላይ የተከፈተው፤ ደሳለኝ መዝጋት አቃተው። ድምፁ ሠርጉን ተናገረ፤ ሙሽሪትን ጠራ፤ ሳቀ። ሳቁ ሲያበቃ አቶ ካሳሁን እንደቆሙ ነበሩ። ቀስ በቀስ ገባቸው።

«ማነው በሚስቴ ድምፅ በሶ የሚሸጥ? ዛሬ? አፈሩ ሳይደርቅ?»

ሰው ሁሉ ወደ ማርያማዊት ዞረ። የያዘችውን ሰሃን ምን እንዳደረገችው እስከ ዛሬ አታውቅም። ሲሳይን አየችው፤ አንድ ቃል እንዲላት ለመነችው በዓይኗ። ሲሳይ ከንፈሩ ነጥቷል።

«አጥፊው» አላት።

«ሲሳይ፣ ረስቼው ነው፤ በማርያም—»

«ሁሉንም አጥፊው። አንድም እንዳይቀር።»

በዚያው ቀን ደብረ ታቦር ተመለሰችና አጠፋችው። የበሶውን የኢንተርኔት ገጽ፣ ቀጠሮ የተያዘለትን ሁሉ፣ የጋራ ማኅደሩን፣ ከነፎቶው ከነአስተያየቱ። ከስልኳም ከላፕቶፑም የቪዲዮውን ዋና ቅጂ ሰረዘች፤ የተጣሉ ነገሮች የሚቀመጡበትን ቅርጫትም አራገፈች። ኮምፒዩተሩ በየጊዜው «እርግጠኛ ነሽ?» ይላታል፤ አዎ ትለዋለች። ያዘዛትን ሁሉ ብትፈጽም ልቡ የሚመለስ መስሏት ነበር፤ ምስኪን።

አልደወለም። እሷም በምን ፊቷ ትደውል? ክረምቱ ገባ።

ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድብ፣ ሲሳይ በሩ ላይ ቆመ። ከስቷል። ያ የሚንገዳገደው ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«አባባ ናቸው የላኩኝ» አለ። «እህል አልበላ ብለዋል። ድምፅዋን ካልሰማሁ ይላሉ። ያኔ ያስቆጣቸውን ራሱን።»

ማርያማዊት ላፕቶፑን ከደነች።

«ሙሽሪት እችው ብላለች፣ በጆሮየ ልስማውና የሚስቴን ቃል ይዤ ሽማግሌ እልካለሁ ብለዋል። ማርያማዊት፣ እኔም ከዚያን ቀን ጀምሮ...» ፊቱን በእጁ ጠረገ። «ደሳለኝ ስልክ ላይ ፈለግነው፤ የለም። አንች ጋ መቼም አይጠፋም ብየ ነው።»

«አጥፍቼዋለሁ።»

«ከገጹ ነው። ቅጂውን ማለቴ ነው።»

«ቅጂውንም። አንድም እንዳይቀር አልከኝ።»

ሲሳይ ዓይኗን አየ። መቆጣት ፈልጎ ነበር፤ የሚቆጣበት አጣ።

«ብየሻለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «አዎ፣ ብየሻለሁ።»

ዝናቡ ሲያባራ ተነሣ። በሩ ጋ ሲደርስ ወደሷ ሳይዞር ጠየቃት።

«እናቴ እንዴት ነበር የምትስቀው? እኔ እኮ እየጠፋብኝ ነው።»

ማርያማዊት አፏን ከፈተች። ቃሉን አንድ በአንድ ታስታውሰዋለች። ሳቁን ግን ማን ይስቀዋል? ራሷን ነቀነቀችና እንባዋ ወረደ።

ከበሩ ቆማ ሸኘችው። መናኸሪያው ውስጥ የገሳይ መኪና ተሳፋሪ ይጠራል፤ ሲሳይ አጠገቡ ቆመ እንጂ አልገባም። መኪናው ሞልቶ ሄደ። ሌላው ተተካ፣ እሱም ሞላ። ጀርባውን ሰጥቷት፣ የጭቃውን ውኃ እያየ ቆሟል። ልትጠራው ሁለት ሦስት ጊዜ አሰበች፤ ግን በየጊዜው «ፈንታ? አለሽ እንዴ?» የሚለው የአቶ ካሳሁን ጥሪ ጆሮዋ ላይ ይመጣባታል። ያንን ቤት ዳግመኛ ባዶ እጇን እንዴት ትገባዋለች?

በመጨረሻ ወያላው ክንዱን ይዞ አስገባው። መስኮቱ በጭቃ ደፍርሶ ስለነበር ወደሷ ይዙር አይዙር አላየችም። ሽማግሌ ወደ እብናት ሳይሄድ ቀረ።