ሦስቱ ስም የለሽ በተኖች

«በተን። በተን። በተን።»

ከኮምፒውተሩ የሚወጣው ድምፅ እንደ በረዶ ይወርዳል። ዓይነ ስውሯ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ፣ ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብላትን ፕሮግራም የምታስኬደው እንዲህ አፍጥና ነው። ክፍሉ ሁሉ «ጥይቷ» የሚላትም ለዚሁ ነው። ሦስተኛው በተን ላይ ቆመችና መታችው።

«መጽሐፉ ተይዞልዎታል።»

«ሠራ!» አለ የትምህርት ቤቱን ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ የሠራው ጓደኛዋ፣ ከወንበሩ ዘሎ። «አምስቱም ፈተናዎች አለፉ! በይ ቅጹን ሙዪና ለቲቸር እንላክላቸው። ሰኞ ድረ ገጹ ሲከፈት እናቴ ራሷ ትመጣለች።»

ጥይቷ ጣቶቿን ከኪቦርዱ አላነሳችም። በፈተና ቅጹ ላይ የቀረው አንድ መስመር ነው፦ «ተማሪው ያለ ማንም እርዳታ መጽሐፍ አስቀድሞ መያዝ ይችላል?» ማንም አልረዳትም። ግን ሦስተኛውን የመታችው ገምታ ነው፤ በተኖቹ ስም የላቸውም፤ ፕሮግራሙ ሁሉንም «በተን» ብቻ ይላቸዋል። እሷማ እንዲህ ያለ ገጽ ስንቱን አልፋለች! ፕሮግራሙን በየማክሰኞው የምታስተምራት ዓይነ ስውር የሰባተኛ ክፍል ልጅ ግን ከጀመረች ገና ወር አልሞላትም። «በተን ብቻ ካለኝ ምን ላድርግ?» ብላ ጠይቃት ነበር።

«ሦስቱ ምንድን ናቸው?» አለች ጥይቷ።

«ሰርዝ፣ ተመለስ፣ ያዝ። በጽሑፍ ፈንታ ሥዕል አደረግኩባቸው። ሲያምሩ! ከዋሸሁ ዓይኔን ግንባር ያድርገው።»

«ተው እንጂ፣ እኔን አይተህ አትፈራም?»

ሁለቱም ሳቁ። ጥይቷ ድምፁን ለጀማሪ እንደሚሆን አዘገየችው።

«ና ተቀመጥ። ስክሪኑን አጥፋና አንድ መጽሐፍ አንተ ያዝልኝ።»

«አቦ፣ የገዛ ሥራዬን?»

«የገዛ ሥራህን።»

«በተን» አለ ድምፁ፣ እየተጎተተ። ልጁ ወደ ፊት ሄደ፣ ወደ ኋላ ተመለሰ፣ ስንተኛው ላይ እንደቆመ ጠፋው። በመጨረሻ ደፍሮ መታ።

«የያዙት መጽሐፍ ተሰርዟል።»

«እንዴ! ያንቺን አጠፋሁት!»

«ምስኪን መጽሐፌ!»

እሱ ግን አልሳቀም። «አንዱ ከወደቀ ሰኞ አይከፈትም ብለዋል ቲቸር። እናቴ ከሥራ ፈቃድ ጠይቃለች እኮ። አንቺ አልፈሽ የለ? እሱኑ ጻፊ። ውሸት አይደለም።»

አይደለም። የከበዳትም ይኸው ነው። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ደብተሩን እያነበበላት አብሯት የተማረ ልጅ ነው።

ድምፁን ወደ ፍጥነቱ አልመለሰችውም። ሁለቱም ፊደል በፊደል እየሰሙ፣ አምስተኛው መስመር ላይ ጻፈች፦ «አላለፈም። በተኖቹ ስም የላቸውም።»

ከውጭ የኳስ ጩኸት ይሰማል። ከዚያ ልጁ ወንበሩን ወደ እሷ ሳብ አድርጎ ስክሪኑን አበራ።

«የመጀመሪያው ምን ይባል?»

«ሰርዝ» አለች ጥይቷ፣ ደስ ብሏት። «ስትጨርስ ግን እኔ አልሞክረውም። ማክሰኞ የማስተምራት ልጅ ትሞክረው።»