ጥያቄ የሌለበት ገበታ

የፊልም ባልደረቦቹ «ጆሮ» ይሉታል። ድምፅ የሚቀዳላቸው እሱ ነው፤ «ግድግዳ ሲያቃስት ይሰማል» እያሉ ያሙታል። ያን ቀን ጠዋት ግን ጆሮው ሥራ ፈታና ዓይኑ ብቻ ቀረ።

የሚቀረጸው ስለ ሴሊያክ በሽታ የሚያስረዳ ፊልም ነበር። ታሪኳን የምትናገረው ደግሞ የሙሽራ ልብስ የምትሰፋ ወጣት ናት። ማይክሮፎኑን አንገትጌዋ ላይ ሊያያይዝ ጎንበስ ብሎ፣ ማሰሪያውን አስር ጊዜ ከእጁ ጣለው።

«አይዞህ፣ እሱ እንኳ መርፌ አይደለም» አለችው እየሳቀች።

ካሜራው ሲበራ ሳቋ ሰከነ።

«ከልጅነቴ ጀምሮ ሆዴ ይነፋል፤ እከሳለሁ፤ አቅም አጣለሁ። አንዱ ጨጓራ ነው ይላል፣ ሌላው ቅብጠት ነው ይላል። በኋላ አንዲት ሐኪም መርምራ ደረሰችበት። በስንዴና በገብስ ውስጥ ግሉተን የሚባል ነገር አለ። እሱን ከበላሁ ሰውነቴ የገዛ አንጀቴን ጠላት አድርጎ ይወጋዋል። መድኃኒቱ አለመብላት ነው፤ ፍርፋሪም ቢሆን። እሱስ ተለመደ። የከበደኝ ለሰው እምቢ ማለት ነው። እኔ ምግቡን እምቢ ስል፣ ሰው እሱን ራሱን እምቢ ያልኩት ይመስለዋል።»

ጆሮ ስንቱን ድምፅ ሰምቷል፤ ልመናም ምሬትም የሌለበት እንዲህ ያለ ድምፅ ግን ሰምቶ አያውቅም። ቀረጻው ካበቃም በኋላ ማዳመጫውን ከራሱ ላይ ማውረድ ረሳ።

ከዚያ ወዲህ ሽቦ የሚጠቀልልበት ጊዜ እየረዘመ ሄደ። እሷም ቦርሳዋን ፍለጋ ትዘገያለች፤ ቦርሳዋ ትከሻዋ ላይ ነው። አንድ ቀን ከቀረጻው ቤት ደረጃ ላይ ብቻቸውን ቀሩ። ሊስማት ሲጠጋ መዳፏን አፉ ላይ አደረገች።

«ምሳ ምን በላህ?»

«እ? ዳቦ... በእንቁላል።»

«እንግዲያው ዛሬ አይሆንም።»

ሊስቅ ነበር። ዓይኗን ሲያይ ተወው። ይህች ልጅ በየቀኑ፣ በየበሩ፣ ስንት ነገር ስትጠነቀቅ እንደምትውል ያኔ ገባው፤ ገብቶትም ተደነቀ። በማግስቱ ምሳውን ሩዝ በላ፤ ጥርሱንም እስኪያመው ፋቀ። ዳይሬክተሯ አየችውና «ዛሬስ ማስታወቂያ ልትሠራ ነው?» አለችው። እሱ ግን ደረጃው ላይ ሲደርስ ማንም አልከለከለውም።

እናቱ አንድ መሥሪያ ቤት ግቢ ውስጥ ምግብ ቤት ያላት፣ በእጇ ሙያ ልጇን ብቻዋን ያሳደገች ሴት ናት። ልጅቷን ቤት ሲወስዳት «ስንዴ አትበላም» ብሎ ለእናቱ አስቀድሞ ነግሯታል። እናቱም ሩዝ ሠራች፤ በላዩም ወፈር ያለ ሥጋ በመረቅ።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ፤ «መረቁ ዱቄት ገብቶበታል?»

«እንዲያው ለማወፈሪያ አንዲት ማንኪያ ናት። ማንኪያ ዱቄት ሰው አይገድልም፣ ልጄ!»

ልጅቷ እጇን ጉልበቷ ላይ አጣጠፈች። ብርቱካን ልጣ በላች፤ አመስግና ሄደች።

«እጄን ተጸየፈች» አለች እናቱ ሳህኑን እያነሳች። «የእናትህን እጅ የናቀች፣ ነገ አንተን ታከብርሃለች?»

ቢያስረዳ፣ ቢለምን፣ ወይ ፍንክች። ልጅቷም በበኩሏ ደውላ፦ «እኔ የተቀመጥኩበት ገበታ ላይ ሰው ሁሉ ይጨነቃል። አንተ ደግሞ ዕድሜ ልክህን በእናትህና በእኔ መሃል ስትጨነቅ ማየት አልችልም» አለችው። ከዚያ ስልክ ማንሳት አቆመች።

የቀረው የመጨረሻው ቀረጻ ነበር። በሽታው ያለባቸው ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰብስበው በአንድ አዳራሽ ሊበሉ ነው፤ ከምግቡ አንዱም ግሉተን የለበትም። እሷም መጣች፤ ሰላም ብላው አለፈች።

ጆሮ ማዳመጫውን አድርጎ «ይሄ ምን አለበት?» የሚለውን ጥያቄ ጠበቀ። የጠየቀ የለም። አንድ ሽበታም ሹፌር ሳህኑን ሞልቶ ተቀመጠና ዝም ብሎ አየው። ከዚያ ጎረሰ፤ እያኘከም አለቀሰ። የማንኪያው ድምፅ ከዳር እስከ ዳር እንደ ዝናብ ወረደ፤ ፍርሃት የሌለበት የመብላት ድምፅ። ዳይሬክተሯ «ድምፁ ደህና ነው?» ብትለው እንባውን በእጅጌው ጠረገ። ልብስ ሰፊዋ ቀና ስትል ሲያለቅስ አየችው። ለረጅም ጊዜ ዓይኗን አልነቀለችም።

ፊልሙ የታየ ዕለት እናቱን ለምኖ ይዟት ሄደ። ሲያበቃ መብራት በራ፤ ዳይሬክተሯም «ከዚህ በሽታ ጋር የምትኖሩ፣ እባካችሁ ተነሡ» አለች። አንዱ ከፊት ተነሣ፤ ሌላዋ ከኋላ፤ ከዚያ ከየጥጉ።

እናቱ የልጇን ክንድ ጨበጠች። ከተነሡት መካከል እሷ ምግብ ቤት እየመጣ ሻይ ብቻ የሚጠጣው የሒሳብ ሠራተኛ ነበረበት። «ለካስ... ይሄን ሰውዬ ኩሩ ነው እያልኩ ስንት ጊዜ አማሁት!» አለች በሹክሹክታ። ከዚያ ልጇን ትታ፣ ሰዉን እየገፈተረች፣ ልጅቷ ወደቆመችበት ሄደች።

«ነገ ቤት ነይ፣ ልጄ። ለመብላት አይደለም። ወጥ ቤቴን ፈትሺው፤ የማይሆንሽን ሁሉ አውጥተሽ ጣይልኝ።»

ልጇን እንኳ ድስት የማታስነካ ሴት ናት።

በማግስቱ ልጅቷ እጅጌዋን ሰብስባ ገባች። የዱቄት ጣሳው ወጣ፤ በስንጥቁ ዱቄት የሚይዘው የእንጨት ማማሰያ ወጣ፤ ዳቦ የሚቆረጥበት መክተፊያ ወጣ። እናቱ ከኋላ ከኋላዋ እየተከተለች «ይሄስ? ይሄኛውስ?» ትላለች። ድስቱን አብረው ፈትገው አጠቡ፤ አብረውም አበሰሉ።

ሦስቱም ተቀመጡ። ልጅቷ ጎረሰች፤ ደገመች፤ ሳህኗን ጨረሰችና ወደ እናቱ ዘረጋችው።

«ይጨምሩልኝ፣ እማማ።»

እናቱ ጭልፋውን አነሣች። ሳህኑ ሞልቶም መጨመሯን ስላልተወች፣ ጆሮ ከእሷ ጋር ጭልፋውን ያዘ።