የታችኛው መደርደሪያ ዘይት

ከክላይቭ ሆልሮይድ መጀመሪያ ያየሁት እግሮቹን ነው። ከስኪፕተን ከተማ ወጣ ብሎ ባለው መንገድ ዳር፣ ሁለት ሰው ብቻ ከምትይዝ አረንጓዴ ስፖርት መኪና ሥር ተጋድሞ ነበር። የ1971 በጋ ነው፤ በጋ ይባል እንጂ ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። እኔ ከምሠራበት የሱፍ ፋብሪካ ቢሮ ወጥቼ በእግሬ ወደ ቤት እሄድ ነበር። ሃያ አንድ ዓመቴ ነው።

«ሞተሃል ወይስ አለህ?» አልኩት።

«እኔ አለሁ። የሞተችው እሷ ናት» አለ ከሥር። «እህቴ፣ ጫማሽ ተረከዝ አለው?»

«ምን አገባህ?»

«የነዳጅ ፓምፑ ሲያኮርፍ በተረከዝ ኮርኮም ካላደረጉት አይነሳም። የእኔ ጫማ ደግሞ ጎማ ነው።»

አንዱን ጫማዬን አውልቄ አቀበልኩት። በአንድ እግሬ ቆሜ ጃንጥላዬን ከእሱ እግሮች በላይ ዘረጋሁ። ኳ! ኳ! አደረገው፤ ፓምፑ ቲክ ቲክ ማለት ጀመረ። ሲወጣ ፊቱ ጭቃና ቅባት ለብሷል። ጫማዬን ግን በሸሚዙ እጅጌ ጠርጎ ነው የመለሰልኝ። ጠርጎ ጨርሶም ይጠርግ ነበር፤ ቀና ብሎ ላለማየት ይመስለኛል።

ክላይቭ ሊያወጣኝ ቤታችን መምጣት ሲጀምር አባቴ መኪናዋን አይቶ «አሻንጉሊት» አላት። አባቴ አርተር ሰግደን በጸሎት ቤታችን አርባ ዓመት ኦርጋን የተጫወተ፣ ሰዓቱን የማያዛንፍ ሰው ነበር። እናቴ ከሞተች ወዲህ ያለሁለት እኔ ብቻ ነኝ።

«በዚህ ሳምንት ስንት ጊዜ ገፋሻት?» ይለኛል።

«ሁለቴ ብቻ።»

«አህያ ቢገዛ ይሻለው ነበር። አህያ ቢያንስ ሲርበው ይናገራል።»

አባቴ የሚፈራው ግን መገፋቱን አልነበረም፤ ፍሬኑን ነው። የእነዚያ መኪኖች ፍሬን አራቱንም ጎማ የሚይዘው በአንድ የዘይት መስመር ነው፤ አንድ ቦታ ካፈሰሰ ሁሉም ይሄዳል። ክላይቭ ይህን ስለሚያውቅ ክረምቱን ሙሉ ፍሬኑን ፈትቶ በአዲስ ሠራው። ዘይቱ እንዳያፈስ የሚይዙትን የላስቲክ ጎሚኒዎች አንድ በአንድ በእጁ አስገባ። ከዚያም ግንቦት ላይ ቤታችን መጥቶ፣ ኮፍያውን እያሻሸ፣ ቆመ።

«አቶ ሰግደን፣ እርስዎን ይዤ የግሪንሃውን ቁልቁለት እስከ ፔትሊ ብሪጅ ልውረድ። እምነት ካልጣሉብኝ ግሌንዳን ለጋብቻ ሁለተኛ አልጠይቅም።»

«እሁድ ሳምንት» አለ አባቴ። «ከጸሎት በኋላ። ከዚያ በፊት መሞት አልፈልግም።»

ቀጠሮው ስምንት ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ ዕለት፣ ክላይቭ በሚሠራበት ማተሚያ ቤት ተረኛ ነበር። «የፍሬን ዘይቱ ትንሽ ወርዷል፣ ሙይልኝ የኔ ቆንጆ» አለኝ። «ከጋራዣችን፣ ከላይኛው መደርደሪያ። ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን አትመኚ፤ መደርደሪያውን እመኚ።»

በእነ ክላይቭ ቤት ቆርቆሮ አይጣልም። አባቱም አያቱም የተረፈ ዘይት ባገኙት ባዶ ቆርቆሮ ይገለብጡ ነበር። ላይኛው መደርደሪያ የፍሬን፣ ታችኛው የመኪና ማንሻው የክሪክ ዘይት ነው፤ የቤቱ ወንዶች ሁሉ ይህን ያውቃሉ። እኔ ከታች «የፍሬን ዘይት» የሚል ቆርቆሮ አየሁና ደስ እያለኝ ሞላሁ። ልመልሰው ስል ነው እጄ ታችኛው መደርደሪያ ላይ መሆኑን ያየሁት።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ስምንት ቀን ነበረኝ። ግን ክላይቭ ፍሬኑን እንደገና ሊፈታው ነው፤ የእሁዱ ቀጠሮ ሊያልፍ ነው፤ አባቴ «አላልኩም?» ሊል ነው፤ እኔም ሞኝ ልባል ነው። ዘይት ዘይት ነው አልኩ። ያ ዘይት ጎሚኒ አሳብጦ ፍሬኑን እንደሚያበላሽ አላውቅም ነበር። ማወቅም አልፈለግሁም።

እሁድ ቀድሜ በአውቶቡስ ፔትሊ ብሪጅ ወርጄ፣ አክስቴ በር ላይ ቆምኩ። መጀመሪያ የሞተሩን ድምፅ ሰማሁ። ቀጥሎ ጥሩምባው መጣ፤ አላቋረጠም። ክላይቭ ፔዳሉ ወለል ሲነካበት ማርሽ ቀንሷል፣ የእጅ ፍሬን ስቧል፣ አልበቃውም። ከታች የፔትሊ ብሪጅ ሰዎች ከጸሎት ቤታቸው እየወጡ ስለነበር መኪናዋን ከድንጋዩ አጥር ጋር እያፋጨ አስቆማት። አጥሩ የነካው በአባቴ በኩል ነው። የግራ እግሩ ሁለት ቦታ ተሰበረ።

ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ክላይቭ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጦ ነበር።

«እኔ ነኝ፣ ግሌንዳ። ጎሚኒዎቹን ያስገባሁት በእነዚህ እጆች ነው።»

«ክላይቭ...»

«አታጽናኚኝ።»

አላጽናናሁትም። ዝም አልኩ። ዝምታዬን እንደ ቁጣ ቆጠረውና አለቀሰ።

መኪናዋን ከፍቶ እንኳን አላየም። ጥፋቱ የእሱ መሆኑን ስላመነ የሚፈልገው ነገር አልነበረም። እንደቆመች ለአንድ ገበሬ ሸጣት፤ መፍቻዎቹንም አብሮ ሰጠ። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ቧንቧ ሲያንጠባጥብ እንኳን ሰው ይጠራ ነበር።

የአባቴ እግር የኦርጋኑን የታች መርገጫዎች መርገጥ አቃተው። ክላይቭ ሳይጠሩት መጥቶ ከጎኑ አግዳሚው ላይ ተቀመጠና በአባቴ ፋንታ ይረግጥ ጀመር።

«ግራ። ግራ! አንተ ሰውዬ፣ ግራህን አታውቅም?» ይላል አባቴ በሹክሹክታ፣ ምእመናኑ እየዘመሩ።

«ይቅርታ አቶ ሰግደን።»

«ይቅርታህን ተወውና ሁለተኛውን ርገጥ!»

የፊት ወንበር ያሉት ሴቶች በመዝሙር መጽሐፋቸው አፋቸውን ሸፍነው ይስቁ ነበር። አንድ ዓመት እንዲህ ሆነ። አንድ እሁድ አባቴ እቤት ሻይ እየጠጣ፣ «በጥፋቱ እንዲህ የሚያፍር ሰው ልጄን አያዋርድም። አግቢው» አለኝ።

በመስከረም 1973 ተጋባን። ባልና ሚስት ያደረገን ያ ኀፍረት ነው፤ ኀፍረቱ ግን የእኔ ነበር። ክላይቭ ለብሶልኝ ነው የኖረው።

መልካም ኖርን። ይህን ሳልል ባልፍ ሌላ ውሸት ይሆናል። ሠላሳ ስምንት ዓመት ጠዋት ጠዋት ሻይ አልጋ ድረስ አምጥቶልኛል። ቁልቁለት ስንደርስ ግን ሌላ ሰው እየነዳም ቢሆን ቀኝ እግሩ ወለሉን ይጫን ነበር። እኔም መስኮት መስኮቱን አይ ነበር።

ባለፈው መጋቢት፣ ሊሞት ሦስት ቀን ሲቀረው፣ እጁን ይዤ «ክላይቭ፣ ስለዚያች መኪና...» አልኩት።

«ተይው እባክሽ» አለ። «አባትሽ ይቅር ብሎኛል። አንቺም ብለሽኛል።»

ተውኩት። ደክሞታል አልኩ። እውነቱ ግን እኔ ሌላ ሰበብ አግኝቼ መደሰቴ ነው።

ጥቅምት ላይ ኔቪል ፕሪቻርድ ከሚባል ሰው ደብዳቤ መጣልኝ። አረንጓዴዋን መኪና ከገበሬው ጎተራ ገዝቶ እያደሳት ነው። የፍሬኑን ጎሚኒዎች አብጠው አግኝቷቸዋል። «ባለቤትዎ የማይሆን ዘይት ማስገባታቸው ግልጽ ነው» ይላል በትሕትና። «ለጀማሪዎች ትምህርት እንዲሆን በማኅበራችን መጽሔት ላይ ልጽፈው ነው። የሙሉ ስማቸውን አጻጻፍ ቢያረጋግጡልኝ?»

መልሱን ሦስት ጊዜ ጀመርኩት። በመጀመሪያው «ዘይቱ በስሕተት ተቀላቅሎ ነበር» አልኩ፤ ቀደድኩት። በሁለተኛው «ወጣቶች ነበርን» አልኩ፤ እሱንም ቀደድኩት።

ሦስተኛው አጭር ነው። «አቶ ፕሪቻርድ፣ ያንን ፍሬን የሠራው ሰው አንድም ስሕተት አልሠራም። ዘይቱን ከየትኛው መደርደሪያ እንደማነሳ ነግሮኝ ነበር። ከሌላው አንስቼ የሞላሁት እኔ ነኝ፤ አውቄም ዝም አልኩ። የሚታተም ስም ከፈለጉ የእኔ ይታተም።»

ከሥሩ ልፈርም ብዕሬን ሳነሳ «ሆልሮይድ» ልል ነበር። ያ የክላይቭ ስም ነው፤ ከዚህ ነገር ጋር እንዲጠራ አልፈለግሁም። ከሠርጌ ወዲህ ጽፌው በማላውቀው ስም ፈረምኩ፦ ግሌንዳ ሰግደን።