የዘንዶው እከክና የፊታውራሪው ገንዳ

ፀሐይ ራሷ ለመውጣት ፈቃድ በምትጠይቅበት በታላቁ የዝማራ መንግሥት፣ አንድ ማለዳ የነጋሪት ጎሳሚው የድምጡ መዳፍ ተሰነጠቀ። ሲሰነጠቅ ያሰማው ድምፅ ሰባት አውራጃ ተሻግሮ በስምንተኛው ያለችውን ላም አስደንብሮ ወተት አስከልክሏታል ይባላል። የላሚቱን ነገር ተዉት፤ ሰባቱ አውራጃ ግን እርግጥ ነው።

ነገሩ የሚያስቅ አልነበረም። የዝማራ ዝናብ የሚመጣው በየዓመቱ በደመና ጥሪ ዕለት፣ ድምጡ ታላቁን ነጋሪት በዱላ ሳይሆን በባዶ መዳፉ ሲጎስም ነው። በነጋሪቱ ወገብ ላይም ከጥንት የተቀረጸ ትንቢት አለ፦ «መዳፍ ሲደርቅ ሰማይ ይደርቃል።» የደመና ጥሪ ሊደርስ ደግሞ ዐሥር ቀን ብቻ ቀርቶታል።

የጎሳሚዎችን መዳፍ ያለሰልስ የነበረውን የቤተ መንግሥት ቅባት ሻክሮ የተባለው ዘንዶ ከነቅሉ ሰርቆ ከወሰደው ወር አልፏል። ከዚያ ወዲህ ከሻክሮ ተራራ የሚነፍሰው ደረቅ ንፋስ ያልሰነጠቀው ከንፈር፣ ያላሻከረው ጉንጭ የለም። የንጉሥ አርዝማ ተረከዝማ ከመሰነጣጠቁ የተነሣ ሁለት አይጦች ጎጆ ወጥተውበታል።

የድምጡ ልጅ ወዝነሽ ሰሊጥ ጨማቂ ናት። እጇ ቀኑን ሙሉ ዘይት ውስጥ ስለሚውል እንደ ሕፃን ጉንጭ የለሰለሰ ነው። አባቷ እጁን በሚንተከተክ ውሃ ሲነክር ባየች ቁጥር ልቧ አብሮ ይቃጠላል።

«አባዬ፣ እባክዎ ይህን የፈላ ውሃ ይተዉት። የቆዳዎን ወዝ ጠርጎ የሚወስደው እሱ ነው። ለብ ያለ ይበቃል።»

«ለብ ያለ ውሃ ለጥጃ ነው!» አለ ድምጡ፣ በታመመ እጁ ጉልበቱን መትቶ። ወዲያው «ዋይ!» ብሎ ጮኸ።

የዝማራ ወግ እንዲህ ነበር። ጨዋ ሰው በፈላ ውሃ ይታጠባል፤ በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ገላውን ይፈትጋል፤ «አቃጠለኝ» ያለ ከጀግኖች ማዕድ ይነሣል።

ንጉሡ አደባባይ ወጥቶ «ቅሉን ከዘንዶው ዋሻ የሚያመጣልኝ ማን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ከማከክ ድምፅ በቀር መልስ አልተሰማም። ያኔ ወዝነሽ ተነሣች።

«ጃንሆይ፣ የአባቴ መዳፍ ሳይድን ብመለስ የዝማራ አፈር አይቀበለኝ!»

«ሴት ልጅ ብቻዋን ዘንዶ ልትገጥም ወጣች ቢባል የአባቴ አጥንት ይወቅሰኛል!» ብሎ ሌላ ድምፅ አስተጋባ። ፊታውራሪ ግስላው ነበር፤ ጎፈሬው ሦስት ጭልፊት የሚያሳድር፣ ዘጠና ዘጠኝ አንበሳ የገደለ፣ መቶኛውን ግን ለጨዋነት ሲል የማረ። የአያት የቅድመ አያቶቹ መታጠቢያ የሆነውን የመዳብ ገንዳ በበቅሎ አስጭኖ፣ ጦሩን ወደ ሰማይ አንሥቶ ማለ፦ «ለብ ያለ ውሃ ገላዬን ቢነካ ፊታውራሪነቴ ይገፈፍ! ጎፈሬዬ በአደባባይ ይላጭ!»

ወዝነሽ በስልቻዋ የሰሊጥ ዘይት፣ ማር፣ የማር ሰም፣ የአጃ ዱቄትና የጥጥ ጨርቅ ሸከፈች።

«ዘንዶውን ልትወጊው ነው ወይስ ልትጋብዢው?» አለ ፊታውራሪው።

«እንደ ጠባዩ ነው፣ ፊታውራሪ።»

ስድስት ቀን ተጓዙ። ንፋሱን በግንባራቸው እየገፉ፣ አንበሳ እንኳ ውሃ ተበድሮ በሚጠጣበት በረሃ አለፉ። ፊታውራሪው በነጋ ቁጥር ገንዳውን አፍልቶ ይገባል፤ ፉከራውም ተራራ ያነቃንቃል። በአራተኛው ቀን ግን ወዝነሽ እንጨት ልትለቅም ሄዳ፣ ጀርባውን ከግራር ጋር ሲያፋትግ ደረሰችበት። የግራሩ ቅርፊት ረግፎ አልቋል።

«ምን እያደረጉ ነው?»

«ዛፉን… ጥንካሬውን እየፈተንኩት ነው።»

«አሸነፉት?»

«ይሄ ሦስተኛው ነው» አለ፣ ዓይኑን ሰብሮ።

በስድስተኛው ቀን ከሻክሮ ዋሻ ደረሱ። ዘንዶው ርዝመቱ የአንድ ሳምንት መንገድ ነበር፤ ቢቀነስ ቢቀነስ ከስድስት ቀን አያንስም። ከሚፈላ ምንጭ ውስጥ ተነክሮ ገላውን በገደሉ ይፈትጋል። ባከከ ቁጥር እንደ ጣራ ቆርቆሮ የሰፋ ቅርፊት ይረግፋል፤ ክንፉም በንዴት ሲርገበገብ ያ ደረቅ ንፋስ ወደ ዝማራ ይነሣል። ቅሉ ባዶውን ከጎኑ ተጥሏል።

«ቅባቱን የት አደረስከው?» ጮኸች ወዝነሽ።

«አለቀ!» አለ ሻክሮ፣ ድምፁ እንባ እንባ እያለው። «አንድ ክንዴን እንኳ አላዳረሰም። በቀን አርባ ጊዜ ፍል ውሃ እገባለሁ፤ ለጊዜው ደስ ይለኛል፣ ስወጣ ይብስብኛል። ልትገድሉኝ ከመጣችሁ ግደሉኝ፤ ብቻ አስቀድማችሁ መሐል ጀርባዬን እከኩልኝ!»

ፊታውራሪ ግስላው ጦሩን አነሣ። ወዝነሽ ክንዱን ያዘችው። «ብንገድለው የአባቴ መዳፍ አይድንም፣ ፊታውራሪ። ይህ ጠላት አይደለም፤ ቆዳው የደረቀ ፍጡር ነው። ምንጩን እናብርደው።»

ቀዝቃዛው ጅረት ከአርባ ክንድ በላይ ርቆ ከገደሉ ማዶ ይወርዳል። ውሃውን የሚያሻግር አሸንዳ አልነበረም። ወዝነሽ ገንዳውን ተመለከተች፤ ፊታውራሪው እሷን ተመለከተ።

«እሱንስ አታስቢው! ሰባት ትውልድ የፈላበት ነው!»

«አውቃለሁ» አለች ቀስ ብላ። «አላስገድድዎትም።»

ፊታውራሪው የገንዳውን ከንፈር በመዳፉ ዳበሰ። ከዚያ መጥረቢያውን አወጣ። መዳቡን ሰንጥቆ፣ ቀጥቅጦ፣ ጫፍ ለጫፍ ቀጥሎ አሸንዳ አደረገው። በእያንዳንዱ ምት የአንድ አያቱን ስም ይጠራ ነበር።

ቀዝቃዛው ውሃ እየተንፎለፎለ ከፍሉ ጋር ተቀላቀለ። ወዝነሽ በክርኗ ለክታ «ይበቃል፤ ለብ አለ» አለች፤ የአጃውንም ዱቄት በተነችበት። ከምንጩ ወጥቶ ዳር የቆመው ሻክሮ አንድ ጥፍሩን ነክሮ መልሶ አወጣው።

«ይህ ለጥጃ ነው! እንዳታታልሉኝ መጀመሪያ ያ ጎፈሬያም ይግባ!»

ወዝነሽ ስለ መሐላው ታውቃለችና ፊታውራሪውን ልትከለክል እጇን ዘረጋች። ፊታውራሪው ግን ካባውን አወለቀ። ጀርባው እንደ አባቷ መዳፍ ተሰነጣጥቆ ደም ያዥ ነበር። «የድምጡን ነጋሪት መጀመሪያ የሰማሁት ገና በእናቴ ጀርባ ታዝዬ ነው፤ ዘንድሮ ዝም እንዲል አልፈቅድም» አለና ገባ። ፉከራ ሊፎክር አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን «እፎይ…» ብቻ ሆነ። እፎይታው ሦስት ሸለቆ ሞላ።

ሻክሮ ያን ሰምቶ ከላይ ዘሎ ገባ።

«አትዘፈዘፉ!» አለች ወዝነሽ። «አንድ ፉከራ እስኪያልቅ ብቻ። አይፈተግም፣ አይታከክም!» ሲወጡም ዘንዶውን በጥጥ ጨርቅ ሳትፈትግ መታ መታ አድርጋ፣ በርጥብ ገላ ጥቂት ቅባት ብዙ ያዳርሳልና፣ ገላው ርጥብ ሳለ ከዘይት፣ ከማርና ከሰም የቀላቀለችውን ቅባት ቀባችው። ስልቻዋ ተሟጠጠ፤ የቀረው አንዲት ስኒ ብቻ። ሻክሮ ክንፎቹን አጠፈ። በወር ለመጀመሪያ ጊዜ ንፋሱ ቆመ።

«ምን ልክፈልሽ?» አለ ዘንዶው።

«ወደ አባቴ አድርሰኝ።»

በማግስቱ አደረሳቸው፤ ሰባት ደመና ሰንጥቆ፣ አንዲት በቅሎ በግራ ጥፍሩ አንጠልጥሎ፣ በአንዲት ረፋድ። የደመና ጥሪ ሊደርስ ሦስት ቀን ቀርቶ ነበር።

«ቅባቱስ?» አለ ድምጡ፣ ይዛው የመጣችውን ባዶ ቅል ገልብጦ አይቶ።

«ቅሉ ውስጥ የነበረው ከጓዳችን የማይጠፋ ነገር ነው፣ አባዬ። እጅዎን ይስጡኝ።» ለብ ባለ ውሃ አጠበችው፤ ሳይደርቅ ከስኒው ቀባችው፤ በጥጥ ጨርቅ ጠቀለለችው። ድምጡ እንደ ጥጃ ታዘዘ፤ ፍንክች አላለም። ሦስት ቀን፣ ጠዋትና ማታ።

በአራተኛው ማለዳ ጨርቁ ተፈታ። ድምጡ ጣቶቹን አጠፈ፣ ዘረጋ፤ ነጋሪቱንም ጎሰመ። ድምፁ ሰማይ ላይ ተኝቶ የነበረን ደመና ሁሉ በጆሮው ጎትቶ አመጣው። ዝናቡ ወረደ! ሕዝቡ እልል አለ፤ የንጉሡ አይጦች ሳይቀሩ ከተረከዙ ወጥተው ጨፈሩ።

በዚያ ጭፈራ መካከል ፊታውራሪ ግስላው ወደ ዙፋኑ ቀረበ። ከወዝነሽና ከዘንዶው በቀር የሆነውን ያየ አልነበረም፤ ዝም ቢል ዝም ተብሎ በቀረ።

«ጃንሆይ፣ ለብ ያለ ውሃ ገላዬን ነክቷል። ወድጄም ገብቻለሁ፣ ወድጄዋለሁም። መሐላዬ ይፈጸም።»

ንጉሡ አንገቱን ደፋ፤ መሐላ መሐላ ነውና። ካባው ተገፈፈ። ጎፈሬው ተላጨ፤ ሦስቱ ጭልፊቶች በሐዘን ተነሥተው በረሩ። ግስላው እንደ እንቁላል በለሰለሰ ራሱ፣ ያለ ማዕረግ፣ ዝናቡ ውስጥ ቆመ።

ወዝነሽ ከስኒዋ ሥር የቀረችውን በጣቷ ጠረገች። «ጎንበስ ይበሉ እንጂ፣ ፊታውራሪ።»

«ፊታውራሪ አይደለሁም፣ ልጄ።»

«ለእኔ ነዎት። ቶሎ ይበሉ፣ ርጥብ ሳለ ነው የሚቀባው።»

ጎንበስ አለ። ከሰማይ የሚወርደው ውሃ ለብ ያለ ነበር።