ወለላና ባለጣት ካልሲዋ

ጠጋ ጠጋ በሉ ልጆቼ። ብርድ ልብሱን ለሁላችሁም አዳርሱት። ደረሳችሁ? በቃ፣ ልጀምር።

ወለላ የምትባል ልጅ ነበረች። በጣም ትንሽ አይደለችም፤ በጣም ትልቅም አይደለች። ልክ እናንተን ታክላለች።

አንድ ቀን እናቷ፣ «ነገ አያትሽ አባባ ጋ እንሄዳለን። ዳምጤን ይዩት» አለች።

ዳምጤ አዲሱ ሕፃን ወንድሟ ነው። እናቱ ጀርባ ላይ ነው የሚውለው፣ የሱ ነገር!

«እኔስ?» አለች ወለላ።

«አንቺማ ባለፈው ‹ጣቴን! ጣቴን!› ብለሽ አልቅሰሽ አዝዬሽ ደረስን። አሁን ጀርባዬ ላይ ዳምጤ አለ። እትዬ ዘርትሁን ጋ ትቆዪኛለሽ።»

ወለላ የእናቷን ቀሚስ ጨበጠች። «በእግሬ እሄዳለሁ! አላለቅስም!»

ግን ጣቶቿስ? ጫማ ውስጥ ይጨናነቃሉ፤ እርስ በርስ ይፋተጋሉ። ትንሿ ጣትማ ቅልት ትላለች፣ ስታሳዝን!

እትዬ ዘርትሁን ጎረቤት ናቸው፤ ሹራብ ይሠራሉ። የወለላን እግር አዩና፣ «ቆይ ቆይ» አሉ። ከበግ ጠጉር የተፈተለ ክር አወጡ።

ጢቅ! ጢቅ! ጢቅ! የሹራብ መሥሪያ እንጨቶቻቸው ሲጋጩ ዋሉ።

ምን ሠሩ መሰላችሁ? ካልሲ! ግን እንደ ጓንት ጣት አለው። ለአውራ ጣት ትልቅ ቤት፤ ለትንሿ ጣት ትንሽዬ ቤት።

ወለላ ከት ብላ ሳቀች። «እትዬ፣ ይሄ የእጅ ነው!»

«የእግር ነው አንቺ! እየሄድሽ ሞክሪው።»

ጠዋት ወለላ ካልሲዋን ጎትታ ጎትታ አጠለቀች። ጫማዋን አደረገች። ግቢውን ዞረች፤ ዱብ! ዱብ! ዱብ!

ቆመችና ጠየቀች፦ «ጣቶቼ፣ አላችሁ?»

የሉም! አውራ ጣቷ ተጣብቆ ታጥፏል። ትንሿ ጣት ሰፊ ቤት ውስጥ ጠፍታለች።

እናቷ ዳምጤን አዝላ ብቅ አለች። የወለላ እንባ ዱብ ዱብ አለ። ጫማዋን አውልቃ ወረወረች። «ካልሲው ክፉ ነው!»

እትዬ ዘርትሁን በአጥሩ አዩዋትና ሳቃቸው መጣ። «ወይ አንቺ ልጅ! የቀኙን ለግራ፣ የግራውን ለቀኝ! አውራ ጣትሽን እትንሿ ቤት ከተትሽው እኮ!»

አያችሁ፣ ሌላ ካልሲ በየትኛውም እግር ይጠለቃል። ይሄኛው ግን ቀኝና ግራ አለው።

ወለላ አፍንጫዋን ጠረገች። አወለቀች፤ ቀየረች። «አንተ ግባ። አንተም ግባ። ነይ ትንሿ፣ ግቢ።»

ጫማዋን አደረገችና ወዲያ ወዲህ አለች። «ጣቶቼ፣ አላችሁ?»

እስቲ እናንተ መልሱላት፦ «አለን! አለን!»

እናቷ ትንሽ አሰበች። «በይ ነይ፣ እንሞክር» አለች።

በሣሩ ላይ ሄዱ፤ ሸሽ ሸሽ ሸሽ። «ጣቶቼ፣ አላችሁ?»

«አለን! አለን!»

በጠጠሩ ላይ ሄዱ፤ ቀጭ ቀጭ ቀጭ። «ጣቶቼ፣ አላችሁ?»

«አለን! አለን!»

ጅረቱን ሲዘሉ፣ ጮልቅ! የወለላ አንድ እግር ውኃ ገባ።

«ወይኔ!» አለች እናቷ። ካልሲውን አወለቁ፣ ጭምቅ አደረጉ። ወለላ ራሷ ጣቶቿን አንድ በአንድ መለሰቻቸው። እናቷ ቆማ ጠበቀቻት።

ዳገቱ መጣ። ኡፍ! ኡፍ! ዳምጤ ጀርባ ላይ ያንኮራፋል፤ እሱ ምን ቸገረው?

«ደከመሽ ልጄ?»

«ጉልበቴን ደክሞኛል። ጣቶቼ ግን አልደከሙም።»

ቀስ እያሉ፣ ቀስ እያሉ፣ የአባባ ቤት ደረሱ።

«እሰይ! እሰይ!» አሉ አባባ። «ይችን ደግሞ ማን አዘላት?»

«ማንም! በእግሬ መጣሁ!»

አባባ ተነሡ። ውኃ አሞቁ። ሳፋ አመጡ። ወለላን በርጩማ ላይ አስቀምጠው ጎንበስ አሉ።

«አባባ፣ እግር መታጠብ ለትልቅ ሰው አይደለም እንዴ?»

«ከሩቅ በእግሩ ለመጣ እንግዳ ነው፣ የኔ እናት።»

ካልሲዎቿን ቀስ ብለው አወለቁላት። ትንሿ ጣት ደህና ናት፤ አልቀላችም፣ አልቆሰለችም።

ቀኝ እግሯን በሞቀው ውኃ አጠቡላት፤ በጣቶቿ መካከል ሁሉ። አደራረቁና ሳም አደረጉት።

ግራውን ሊጀምሩ ቀና ሲሉ፣ ወለላ ግድግዳውን ተደግፋ እንቅልፍ ወስዷታል።

ሽ… እንዳትቀሰቅሷት ልጆቼ። አባባ ግራ እግሯን ገና እያጠቡ ነው።