ሦስቱ ደማቅ ኮከቦች

ኔሊዳና ኦስቫልዶ የተዋወቁት ከተራራው ቴሌስኮፕ ወደ ላ ሴሬና ከተማ በሚወርደው ሰርቪስ ውስጥ ነው። እንቅልፍ ጥሏት ትከሻው ላይ ተደገፈች፤ እሱም እንዳትነቃ ብሎ መውረጃውን አለፈ። ከዚያ ወዲህ አንድ ቢሮ እየተጋሩ ምሳም አብረው ይበሉ ጀመር። ፍቅር የሚለውን ቃል ግን አንዳቸውም አልደፈሩትም።

እሷ የዶክትሬት ጥናቷን ልትጨርስ ነበር። በአንዲት ሩቅ ድንክ ጋላክሲ ውስጥ፣ በየግማሽ ቀኑ ገደማ ደመቅ ፈዘዝ የሚሉ ኮከቦችን ትከታተላለች። እነዚህ ኮከቦች ባሉበት ሁሉ ዕድሜ ጠገብ የኮከብ ትውልድ አለ። ኔሊዳም፣ ይህች ጋላክሲ ገና በማለዳው ኮከቦቿን አንዴ ወልዳ አቆመች ብላ ጽፋለች። ጀርመን አገር ሥራ የሚጠብቃትም ይህንኑ ጥናት በጊዜው ካስረከበች ነው።

አንድ ቀን ኦስቫልዶ ወንበሩን ወደ እሷ ሳብ አደረገ።

«ኔሊ፣ እነዚህ ሦስቱ ከእኩዮቻቸው በጣም ደመቁብኝ። ኋላ የተወለዱ ቢሆኑስ?»

«እነሱማ መሀል መንገድ ላይ የተደቀኑ የእኛው ጋላክሲ ኮከቦች ናቸው።»

«አረጋግጠሻል?»

ፊቷ ተለዋወጠ። «እንዳልሄድ ብለህ ነው አይደል? በል ንገረኝ!»

ኦስቫልዶ አቀረቀረ። ወንበሩን ወደ ቦታው ገፋ። በማግስቱ ጠረጴዛው ባዶ ነበር፤ ፈቃድ ወስዶ እናቱ ዘንድ፣ ቪኩኛ ሄዷል።

ኔሊዳ ላሳፍረው ብላ ኮከቦቹን እንደገና መረመረቻቸው። ርቀታቸውም አካሄዳቸውም የዚያችው ጋላክሲ ልጆች መሆናቸውን መሰከረባት። ከሁለቱ በቀር ያየ የለም፤ ዝም ብትል ያልፍ ነበር። አላስቻላትም። ማስረከቢያውን አራዝማ ጥናቷን እንደ አዲስ መጻፍ ያዘች። የጀርመኑ ሥራ ለሌላ ሰው ተሰጠ።

ወሬውን በሰማች ሰሞን ቪኩኛ ሄደች። የኦስቫልዶ እናት ወይዘሮ ኦርቴንሲያ ደጃፋቸው ላይ ወይን ለዘቢብ ያሰጣሉ።

«ልጄን እህል ያስጠላሽው አንቺ ነሽ?» አሉ ከላይ እስከ ታች እያዩዋት። «እኔ ደግሞ ስንት የምታክል ሴት መስላኝ ነበር! ያውልሽ፣ ጓሮ ነው።»

ኦስቫልዶ ሲያያት የያዘው ዘለላ ከእጁ ወደቀ።

«ልክ ነበርክ» አለችው።

«ጀርመንስ?»

«ቀረ።»

ኔሊዳ ጠጋ አለችው።

«ያን ቀን ምን ዘጋህ? አይደለም ብትለኝ አምንህ ነበር እኮ።»

«እንዳትሄጂ መፈለጌ እውነት ነበራ። ኮከቦቹም እውነት ነበሩ። የቱን ልካድ?»

ኔሊዳ እጅጌዋን ሰብስባ ከጎኑ ቁጢጥ አለችና የወደቀውን ዘለላ አንስታ ከሌሎቹ ጋር አሰጣችው።

«አንተ!» ብለው ጮኹ እናቱ ከደጅ ብቅ ብለው። «እንግዳ ሥራ ታሠራለህ?»

«እንግዳ አይደለሁም» አለች ኔሊዳ፣ ዓይኗን ከኦስቫልዶ ሳትነቅል።