አረንጓዴው ካልሲ

«ሞልቼዋለሁ አልኩህ እኮ፣ አባዬ!»

ስሚልያና ጮኸች። አባቷ ራዲሻ ከአሮጌዋ ቀይ መኪና ኮፈን ስር የሚትጎለጎለውን እንፋሎት በባርኔጣው እያራገበ ቆሟል። ሌስኮቫትስ ገበያ ለመድረስ አንድ ዳገት ሲቀራቸው የሙቀት መለኪያው ቀዩን ነክቶ ሞተሩ ቀጥ አለ። ተጎታቹ ላይ የዓመቱ የመጨረሻ ቀይ ቃሪያ በጆንያ ተጭኗል፤ ገበያ ደግሞ ማንንም አይጠብቅም።

ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ የራዲያተሩን ውሃ አይቶ መሙላት የስሚልያና ሥራ ነው። በየማለዳው እጇ በብርድ እየደነዘዘ እስከ ምልክቱ ትሞላለች። በማግስቱ ውሃው ጎድሎ ታገኘዋለች። ከመኪናው ስር ግን አንዲት ጠብታ እንኳ የለችም። ይህን ለአባቷ ነግራዋለች፤ «ውሃ ክንፍ የለው» ብሎ ስቆባታል።

የተበላሸ መኪና ወዴት እንደሚወሰድ በዚህ ቤት ጥያቄ የለም፤ ወደ ሚሎይኮ ጋራዥ ነው። ሚሎይኮ ለራዲሻ ሚዜ የቆመ፣ ስሚልያናንም ክርስትና ያነሳ አበልጅ ነው። መኪናን አበልጅን አልፎ ሌላ ጋራዥ ማስገባት በዚያ ሰፈር በጥፊ ከመምታት አይተናነስም። ራሱ መጥቶ በገመድ ጎትቶ ወሰዳቸው። ጋራዡ ውስጥ፣ ከፊት ወንበር የተቀመጡት አያቷ ቪዶሳቫ ከመኪናው አልወርድም አሉ። ሁለቱም በሮች ወለል ብለው ተከፍተዋል፣ ከወዲያ ወዲህ ንፋስ ያልፋል፤ ንፋስ ከመታኝ አልነሳም ብለው መስኮቱን ዘግተው ኩርምት አሉ። ሚሎይኮም አክብሯቸው አልነካቸውም። ከስር ተኛ፣ ቱቦውን ዳሰሰ፣ ራዲያተሩን በባትሪ መብራት አየ። ሁሉም ደረቅ ነው።

«መኪናዋ ጤነኛ ናት» አለ እጁን እየጠረገ። «ውሃ ካልጨመሩባት እንግዲህ ምን ታድርግ?» ይህን ብሎ ስሚልያናን አየና ፈገግ አለ።

ያቺ ፈገግታ! ብትሰደብ ይሻላት ነበር። ራዲሻ እዚያው ፈረደ። ሰነፍ መሆን አንድ ነገር ነው፣ ውሸታም መሆን ግን ሌላ ነው አለ፤ ቅዳሜ ከእጅ ኳስ ቡድኑ ጋር ለጨዋታ ኒሽ ከተማ መሄድ የሚባል ነገር የለም። ብትምል ብትገዘት ማን ሰምቷት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ አባቷ ደግሞ የአበልጁን ቃል ይዟል።

ረቡዕ ከልምምድ ስትመለስ ቤት መግባት አስጠላት። የማንንም ፊት ማየት አልፈለገችም። ጫማዋን አውልቃ ግቢ ውስጥ የቆመችው መኪና ውስጥ፣ በአያቷ ወንበር ላይ ተቀመጠችና እግሯን በንዴት ወለሉ ላይ ደቃችው። ካልሲዋ እርጥብ አለ።

መጀመሪያ ልብ አላለችውም። ከዚያ ያ ሽታ መጣ፤ የሚያቅለሸልሽ፣ ጣፋጭ ነገር። ቤተሰቡ ሁሉ ያውቀዋል። በጸደይ ስሚልያና የጣለችው የፕለም ማርማላታ ነው ተብሎ በእሷ ላይ ተላክኮ ኖሯል። ምንጣፉን አጥባዋለች፣ በሎሚ ፈትጋዋለች፤ ሽታው ግን ብርዱ ከገባ ወዲህ ብሶበታል። ካልሲዋን አውልቃ አየችው። ነጭ የቡድን ካልሲ ነው። ተረከዙ ላይ አረንጓዴ ሆኗል፤ ስታሸው እንደ ዘይት ያሟልጫል።

በረዶ እንዳይሠራ መድኃኒት የተቀላቀለበት የራዲያተሩ ውሃ ቀለም ነው። በየማለዳው የምታየው እሷ አይደለችም እንዴ?

ነገሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ፊቷ ተደረደረ። የፊት መስታወቱ ከውስጥ ጉም እየለበሰ አባቷ «ትንፋሻችን ነው» ይል ነበር፤ አያቷ መስኮት ስለማያስከፍቱ። ስትወለውለው ግን ከመድረቅ ይልቅ እንደ ቅባት ይለቀለቅ ነበር። አያቷም እግራቸው ሲረጥብ እርጅና ነው ብለው ጫማቸው ውስጥ ጋዜጣ ይጎዘጉዙ ነበር። ውሃው መሬት ላይማ ለምን ይፍሰስ? የሚያፈሰው የራዲያተሩ ውሃ የሚያልፍበት የመኪናው ማሞቂያ ነው። ወደ እነሱ፣ ወደ ውስጥ።

አባቷን እጁን ይዛ ጎትታ አመጣችው። ሞተሩን አስነሳ፣ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ክፈት አለችው። ምንጣፉን ገልባ ጋዜጣ አነጠፈች። ቆይቶ ከዳሽቦርዱ ስር አንዲት አረንጓዴ ጠብታ ወርዳ ጋዜጣው ላይ ጠብ አለች። ሌላ ተከተለች። ራዲሻ በጣቱ ነካ፣ አሸተተ፣ ሞተሩን አጠፋ።

«ትንሿ የማሞቂያው ራዲያተር ናት» አለ ቀስ ብሎ። «እጅሽን ታጠቢ፣ መርዝ ነው።»

ስሚልያና ጠበቀች። ይቅርታ የምትባለዋን ቃል ነበር የምትጠብቀው።

«ቅዳሜ ሂጂ» አላት። «ለሚሎይኮ ግን ምንም አትበዪ። ሲመቸው እሱኑ በዘዴ አስጠግነዋለሁ። ውሃውን ረስታ ነበር እንላለን፣ በቃ፣ አለቀ።»

«ማን ነው የረሳው?»

«አበልጄ ነው፣ ስሚልያና። አላዋርደውም።»

«እኔንስ?»

ራዲሻ በሩን ዘግቶ ወደ ቤት ገባ። እሷ ግቢው መሃል አንድ እግሯ ባዶ እንደሆነ ቀረች፤ ብርዱም አልተሰማትም፣ ቆሽቷ አርሮ ነበር። ኒሽን ሰጥቷታል። ስሟን ግን አልመለሰላትም፤ ጭራሽ እሷኑ አብረሽኝ ዋሺ አላት።

ቅዳሜ ማለዳ የቡድኑ አውቶቡስ የሚቆመው ሚሎይኮ ጋራዥ በር ላይ ነው። ስሚልያና ቀድማ ደረሰች። ያልታጠበው ካልሲ በፌስታል ተጠቅልሎ ቦርሳዋ ውስጥ አለ፤ ለምን እንደያዘችው ራሷም አታውቅም። ዝም ብላ ልታልፍ ትችል ነበር። ሚሎይኮ ግን ብቅ አለና ያቺን ፈገግታውን አመጣ።

«አባትሽ ማረሽ ማለት ነው!»

ደሟ ፈላ። ዘው ብላ ገባችና ካልሲውን መሣሪያዎቹ መሃል አስቀመጠችው።

«ያሽትቱት።»

መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ አነሳው፣ አሸተተው፣ በጣቶቹ መሃል አሸው። ፈገግታው ከፊቱ ጠፋ።

«ከየት ነው?»

«ከአያቴ እግር ስር። ማሞቂያው ሲበራ ይንጠባጠባል። እርስዎ ከስር አዩ እንጂ ውስጥ አልገቡም።»

ሚሎይኮ ካልሲውን እንደያዘ የመሣሪያ ጠረጴዛው ላይ ተደገፈ። በኋላ፣ ያን ዕለት አሮጊቷን ይውረዱ ማለት ከብዶት እንደነበር ነገራት። እሱም ቢሆን የቤቱ ሰው ነው፤ ቪዶሳቫ ንፋስ መታኝ ካሉ ወሩን ሙሉ ሲወቀስ ሊከርም ነው። ስሚልያና አልሳቀችም። አያቷ ይህን ሁሉ ጊዜ መስኮት ዘግተው ይህንን ሲተነፍሱ ከርመዋል።

«ልክ ነሽ፣ ልጄ» አለ። «ለአባትሽ አሁኑኑ እደውልለታለሁ።»

«አይደውሉ። ውሸታም የተባልኩት ፊት ለፊት ነው። እርስዎም ቤት መጥተው፣ አያቴም አባቴም ባሉበት ይንገሯቸው።»

ውጭ አውቶቡሱ ጥሩምባውን ነፋ። ቴኦዶራ፣ በረኛዋ፣ አንገቷን በመስኮት አውጥታ «ነይ እንጂ፣ ፋራ! ጥለንሽ ልንሄድ ነው!» ብላ ጮኸች። አሠልጣኛቸው ሰዓታቸውን አሳዩዋት።

ሚሎይኮ አውቶቡሱን አየ፣ ስሚልያናን አየ። «ሂጂ፣ ጨዋታሽ አያምልጥሽ። ማታ ስትመለሺ እመጣለሁ» አላት። የምሩን ይሁን እንጃ። ማታ እንግዳ ይመጣል፣ መጠጥ ይቀዳል፣ ነገሩም በወሬ መሃል ይረሳል። ታውቀዋለች።

ለቴኦዶራ እጇን አወዛወዘችላት፤ ሂዱ ማለቷ ነበር። ከዚያ ግድግዳው ጥግ ያለው አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠችና ቦርሳዋን ታቀፈች። አውቶቡሱ ጥቂት ቆይቶ ተነቃነቀ። ወደ ኒሽ መታጠፊያው ሲደርስ እንባዋ መጣ፤ በእጅጌዋ ጠረገችው እንጂ አልተነሳችም።

ሚሎይኮ እጁን ለረጅም ጊዜ ታጠበ። ጃኬቱን ከሚስማሩ ላይ አወረደ፣ ካልሲውን በፌስታሉ መልሶ ጠቀለለና ኪሱ ከተተው።

«ተነሽ» አላት። «ወደ ቤታችሁ እንሂድ።»

የሚሎይኮ መኪና ውስጥ ከጎኑ ገባች። መንገድ ሲጀምሩ መስኮቱን እስከ ታች አወረደችው። የጥቅምት ንፋስ ከወዲያ ወዲህ እየፏጨ ገባ። ሚሎይኮ ዞር ብሎ አያት፣ የጃኬቱን ኮሌታ እስከ ጆሮው ከፍ አደረገና መንዳቱን ቀጠለ።